ነጭ ድብ ወይስ ፔንግዊን? ከእናቴ ጋር ወደ በረዶው አገር ለመሄድ ምክር ፈልጌ ነው

ሰላም ዘዴንቨር

ጤና ይስጥልኝ። እባካችሁ የምታውቁ ምክር ስጡኝ።

እናቴ ከእኔ ጋር እዚህ ዴንቨር ትኖራለች። 66 ዓመቷ ነው። ጠንካራ ናት፣ ትንሽ ደም ግፊት ብቻ አለባት፣ እሱንም በመድኃኒት ይዛዋለች። ማታ ማታ የእንስሳት ፕሮግራም ካላየች እንቅልፍ አይወስዳትም። ከሁሉም የምትወደው የበረዶውን አገር ነው። ነጭ ድቡን ስታይ «አቤት የፈጣሪ ሥራ» ትላለች፣ ፔንግዊኖቹ ሲመጡ ደግሞ ድቡን ትረሳዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ ለእኛ ስትል ለራሷ ምንም ሳታደርግ ነው የኖረችው። ስለዚህ እግሯ ሳይደክም አንድ ትልቅ ነገር ላደርግላት ወስኛለሁ። ለሁለታችን የአውሮፕላኑን ጨምሮ 20 ሺህ ዶላር አካባቢ አጠራቅሜያለሁ። ይህ ገንዘብ ሁለተኛ አይገኝም፣ አንዱን መምረጥ ግድ ነው።

ወደ ሰሜን ይሻላል ወይስ ወደ ደቡብ? የጉዞ ወኪሏ ወደ አንታርክቲካ የሚሄድ ከ2 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ትልቅ መርከብ አሳየችኝ። ዋጋው የትንንሾቹን ሲሶ ነው። ሁለቱም የሚሄዱት እዚያው ከሆነ ልዩነቱ ምንድን ነው? ባሕሩም ያሳስበኛል። እናቴ ውኃ ላይ የወጣችው ጣና ላይ ወደ ገዳማቱ በጀልባ ስትሄድ ብቻ ነው። በዚያ ላይ እኔ ዜግነት አለኝ፣ እሷ ግን ግሪን ካርድና የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው ያላት። አጽዋማትን ደግሞ አንዱንም አታልፍም። መርከብ ላይ ምን ትበላለች?

ሄዶ ያየ ሰው ካለ በዝርዝር ይጻፍልኝ። ተባረኩ።

ቢኒ ትሮምሶ

እህት ሰላም፣ ሐሳብሽ ደስ ይላል። እኔ የምኖረው ሰሜን ኖርዌይ፣ ትሮምሶ ነው። ወደ ስቫልባርድ በሚሄዱ ትንንሽ መርከቦች ላይ በመስተንግዶ ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ የሰሜኑን ልንገርሽ፣ ስለ ደቡቡ የሄዱበት ይጻፉልሽ።

መጀመሪያ ይህን ያዢ። ነጭ ድብ ያለው ሰሜን ብቻ ነው፣ ፔንግዊኖቹ ደግሞ ደቡብ ናቸው። ሁለቱን በአንድ ጉዞ የሚያሳይሽ መርከብ የለም። በሥራ ላይ እያለሁ «ፔንግዊኖቹ መቼ ነው የሚመጡት» ብሎ የጠየቀኝ መንገደኛ ብዙ ነው፣ ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ።

ለድብ በመርከብ ብዙ ሰው የሚሄደው ስቫልባርድ ነው። በኖርዌይ ሥር ያሉ ደሴቶች ናቸው፣ በኖርዌይና በሰሜን ዋልታ መካከል። አውሮፕላን የሚያርፈው ሎንግየርብየን ነው፣ 78 ዲግሪ ሰሜን ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። መርከቡንም የምትሳፈሩት እዚያው ነው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ ፀሐይ ጭራሽ አትጠልቅም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በማይክሮፎን «ድብ ታየ» ከተባለ ሰው ሁሉ በፒጃማው ላይ ጃኬት ደርቦ ወደ ውጭ ይሮጣል።

ግን ቴሌቪዥን ላይ እንዳለው አጠገቧ አይመጣም፣ ይህን እናትሽ ከአሁኑ ብታውቀው ጥሩ ነው። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ሕጉ ጠብቋል። ከማርች 1 እስከ ጁን 30 መርከቡ ከድቡ ቢያንስ 500 ሜትር መራቅ አለበት፣ ከዚያ ውጭ ባለው ጊዜ 300 ሜትር። ሦስት መቶ ሜትር ማለት ሦስት የእግር ኳስ ሜዳ ተደርድሮ ነው። በዓይን ካየሽው ወደ ቢጫ የሚያደላ ነጭ ነጥብ ነው፣ ጥሩ ባይናኩላር ካለሽ ግን ሲራመድ፣ ሲያሸት፣ ግልገሎቹን ሲጠራ ታያለሽ። እኔ ሕጉን እደግፋለሁ። ድቡ ምግቡን የሚያድንበት ጊዜ አጭር ነው፣ መርከብ እየተከተለው ሊያባርርበት አይገባም። በ2018 በሰሜኑ ደሴቶች ላይ መንገደኛ ለማውረድ ቀድሞ የወረደ ጠባቂ በድብ ተጎድቶ ድቡም ተገድሏል። ያ ነገር እዚህ ያለነውን ሁሉ አሳዝኖናል።

ድቡን ሳታዩ ልትመለሱም ትችላላችሁ። በሥራዬ ሁለቱንም ዓይነት ጉዞ አይቻለሁ። የተቀረውን ግን ታገኙታላችሁ። ዋልረስ የሚባሉት ረጅም ጥርስ ያላቸው ትልልቅ የባሕር እንስሳት ባሕር ዳር ተደራርበው ይተኛሉ፤ ሽታቸው ከሩቅ ይቀድማል። እግሩ አጭር የሆነው የስቫልባርድ አጋዘን ሰው አይፈራም። አልክፌልት የሚባል ጥቁር የገደል ግንብ አለ፣ ወፎቹ በአሥር ሺዎች ሆነው እየጮኹበት በአጠገቡ በጀልባ ታልፋላችሁ። የበረዶው ግግር ፊትም አለ፣ ሰማያዊ ነው። በረዶው ከባድ ስለሆነ ውስጡ ያለው አየር አብዛኛው ተጨምቆ ይወጣል፣ ለዚህ ነው ሰማያዊ የሚመስለው። ቁራጩ ባሕር ሲገባ መጀመሪያ መውደቁን ታያለሽ፣ ድምፁ ቆይቶ ነው የሚደርስሽ።

ለእናትሽ ትልቁ ጥቅም ባሕሩ ነው። ስቫልባርድ ላይ አብዛኛው ጉዞ ፊዮርድ (በተራሮች መካከል የገባ ጠባብ ባሕር) ውስጥና በደሴቶቹ ዳር ዳር ስለሆነ ውኃው በብዛት የተረጋጋ ነው። ክፍት ባሕር ላይ የሚያንገላታ ቀን ይኖራል፣ ግን ረጅም አይደለም።

ወደ ቪዛው ልምጣ። ስቫልባርድ ራሱ ቪዛ አይጠይቅም። ግን አውሮፕላኑ የሚነሳው ከኦስሎ ወይም ከትሮምሶ ስለሆነ ለእናትሽ የሸንገን (የአውሮፓ አገሮች የጋራ) ቪዛ የግድ ነው። ስቫልባርድ ደግሞ ከሸንገን ውጭ ነው። ወደዚያ ስትበር ከሸንገን ወጣች፣ ስትመለስ እንደገና ገባች። ስለዚህ ቪዛው ቢያንስ ሁለት ጊዜ የሚያስገባ መሆን አለበት። ፎርሙ ላይ በግልጽ ጠይቁ፣ ቪዛው ሲመጣም መጀመሪያ እሱን እዩ።

ጊዜው ጁን ከሆነ በረዶው ብዙ ነው፣ ግን አንዳንድ መንገድ ገና አልተከፈተም። ኦገስት ላይ ደሴቶቹን ዞሮ ማየት ይቀላል፣ የባሕሩ በረዶ ግን ወደ ሰሜን ሸሽቷል። ዋጋው ለሳምንት ያህል ጉዞ በሰው ከ5 ሺህ ዶላር አካባቢ ይጀምራል፣ ከዚያ ወደ ላይ ነው። ትልቅ መርከብ ያልሽው እዚህም አይሠራም። በ2025ቱ ሕግ መሠረት በጥብቅ ቦታዎቹ ውስጥ ከ200 መንገደኛ በላይ የያዘ መርከብ አይገባም፤ እነሱ ደግሞ ሰው ሊያያቸው የሚሄድባቸው ዋናዎቹ ቦታዎች ናቸው።

ዳዊት ቶሮንቶ

ቢኒ ጥሩ ጽፏል፤ ግን እኔ «ፔንግዊኖቹ ሲመጡ ድቡን ትረሳዋለች» የሚለው ላይ ነው የቆምኩት። መልሱ እሱ ውስጥ አለ። እናትሽን አንታርክቲካ ውሰጃት።

ሄጄ አይቻለሁ። እዚያ እንስሳው ሰው አይፈራም፤ ይህንን ሳያዩ መገመት ያስቸግራል። ሕጉ ከፔንግዊን 5 ሜትር ራቁ ይላል፣ ችግሩ ፔንግዊኖቹ ሕጉን አያውቁትም። ዝም ብለሽ ከቆምሽ ቀርቦ ቦት ጫማሽን በአፉ ይነካካል፣ አንገቱን አዘንብሎ ያይሻል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይሄዳል። በረዶው ላይ በእግራቸው የቀደዱት መንገድ አላቸው፣ ከባሕሩ እስከ ጎጇቸው። እየመጡ ከሆነ ቆመሽ ማሳለፍ ግዴታሽ ነው። አንዱ ከሌላው ጎጆ ድንጋይ ሰርቆ ለሚስቱ ይወስዳል፤ ተሰራቂው ሲነቃ ጩኸት ነው። እኔ አንድ ቦታ ተተክዬ ይህንን ብቻ ሳይ አስጎብኚው መጥቶ ጀልባው ሊሄድ ነው አለኝ። ሽታውም አለ፣ አልደብቅሽም። ኩሳቸው ከሚበሉት ክሪል (ሽሪምፕ የሚመስል ትንሽ የባሕር እንስሳ) የተነሳ ሮዝ ነው፣ ልብስ ላይ ይቀራል።

የምታዩአቸው በዋናነት ጄንቱ፣ ቺንስትራፕና አዴሊ የሚባሉትን ነው። ቴሌቪዥን ላይ በብዛት የሚታየው ረጅሙ ኤምፐረር ግን በተለመደው መንገድ ላይ የለም። እሱ ራቅ ብሎ በዌዴል ባሕር በኩል ነው፣ ጉዞውም ሌላ፣ ዋጋውም ሌላ። እናትሽ የምታስበው እሱን ከሆነ ከአሁኑ ንገሪያት። ከዚያ ሌላ ዓሣ ነባሪ አለ፣ በረዶ ላይ ተዘርሮ የሚተኛ ሲል የሚባለው የባሕር እንስሳም አለ፣ እሱን የሚያድነው ሌዎፓርድ ሲልም አለ። በረዶው ራሱ ደግሞ ለብቻው ጉዞ የሚያስኬድ ነው። ባሕሩ ላይ የሚንሳፈፈው የበረዶ ተራራ አብዛኛው አካሉ ውኃ ውስጥ ነው፣ ከላይ የምታይው አንድ አሥረኛ አካባቢ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ትንንሾቹ የበረዶ ስባሪዎች ሲንጣጡ ይሰማል። በውስጣቸው ለዘመናት ታምቆ የኖረው አየር ሲወጣ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ መርከብ። እባክሽ ተዪው። እኔ ይህን ሁሉ የምጽፈው በዋናነት ለዚህ ነው። የአንታርክቲካ አስጎብኚ ድርጅቶች ማኅበር አለ፣ አያቶ የሚሉት፣ በ1991 የተቋቋመ። በእነሱ ደንብ ከ500 በላይ መንገደኛ የያዘ መርከብ ማንንም መሬት አያወርድም፤ አሳይቶ ይመለሳል። ከዚያ በታች የሆነውም ቢሆን አንድ ቦታ ላይ በአንድ ጊዜ ከ100 መንገደኛ በላይ ማውረድ አይችልም። እስቲ አስቢው። መርከቡ 100 ሰው ከያዘ ሁሉም አብሮ ይወርዳል። 200 ከሆነ ግማሹ ሲወርድ ግማሹ በጎማ ጀልባ በበረዶው መካከል ይዞራል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ፣ ይህም ጥሩ ነው። 400 ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ተራሽን እየጠበቅሽ ነው፣ አየሩ ከተበላሸ ደግሞ ተራሽ ሳይደርስ ይቀራል። በ2 ሺው መርከብ እናትሽ ፔንግዊን የምታየው ከበረንዳ ላይ ነው፣ ያውም ከሩቅ። እንዲያ ከሆነ ቤት ያለው ቴሌቪዥን ይሻላል። ስለዚህ ዋጋ ከማየትሽ በፊት የመንገደኛውን ቁጥር እዪ፣ ከ200 በላይ ከሆነ ወደ ሌላው እለፊ።

መንገዱ እንዲህ ነው። አርጀንቲና ዋና ከተማ ቦነስ አይረስ ትደርሳላችሁ፣ ከዚያ በአገር ውስጥ በረራ መርከቡ ወደሚነሳባት የደቡብ ጫፍ ከተማ ወደ ኡሽዋያ። ከአሜሪካ የሚያርፉበትና ወደ ኡሽዋያ አብዛኛው በረራ የሚነሳበት አየር ማረፊያ የተለያዩ ስለሆኑ ከተማውን ማቋረጥ አለ፣ ሰፊ ሰዓት ያዙ። መርከቡ ከመነሳቱ ቢያንስ አንድ ቀን ቀድማችሁ ኡሽዋያ ግቡ፣ ምክንያቱም መርከብ ሰው አይጠብቅም። ከዚያ ድሬክ የሚባለውን ባሕር መሻገር ነው፣ 1 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሲሄዱ ሁለት ቀን፣ ሲመለሱ ሁለት ቀን። አንዳንዴ እንደ ጣና ጸጥ ይላል። አንዳንዴ ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ አይቆምም። የቱ እንደሚደርስሽ ቀድሞ የሚነግርሽ ሰው የለም። እኔ ስሄድ ተኝቼ ነው ያለፍኩት፣ ስመለስ ደግሞ ዴክ ላይ ቆሜ አልባትሮስ የሚባለውን ወፍ ሳይ ዋልኩ። ባሕሩን መዝለል የሚፈልግ ከቺሊ ፑንታ አሬናስ ተነስቶ አንታርክቲካ አጠገብ ያለው ኪንግ ጆርጅ ደሴት ድረስ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ በርሮ መርከቡን እዚያ የሚይዝበት መንገድ አለ። ግን ዋጋው ከፍ ይላል፣ አየሩ ካልፈቀደ ደግሞ አውሮፕላኑ ቀናት ሊቆም ይችላል።

ሲስተር ማህሌት

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የሄድኩበት የለም፣ ነርስ ነኝ፤ የጤናውን ብቻ ልበል።

ለባሕር ሕመም በብዛት የሚሰጠው ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው ስኮፖላሚን ነው። ባሕሩ ከመናወጡ ቢያንስ አራት ሰዓት ቀድሞ ይለጠፋል፣ ሦስት ቀን ይሠራል። ነገር ግን ለትልቅ ሰው ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ግራ ሊያጋባ፣ አፍ ሊያደርቅ፣ ሽንት ሊያስቸግር ይችላል። አንዳንድ ዓይነት ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ካለባት ጭራሽ አይሆንም። ስለዚህ ጓደኛ ሰጠኝ ብላችሁ እንዳትለጥፉላት። ሐኪሟን ቀድማችሁ አማክሩ፤ ከተፈቀደላትም እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ቀን ሞክራ ትየው፣ መጀመሪያ የምትለጥፈው ድሬክ ላይ መሆን የለበትም። ሜክሊዚን የሚባል ክኒንም አለ፣ እሱ እንቅልፍ ያመጣል። መድኃኒት ማስታወክ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም፣ ቀድሞ ነው የሚወሰደው። የዝንጅብል ከረሜላም ያዙ።

የደም ግፊቷን መድኃኒት ለጉዞው ከሚያስፈልገው በላይ ያዙ፣ ግማሹ በእጅ ሻንጣ፣ ግማሹ በሌላው። መርከቦቹ ላይ ሐኪም አለ፣ ግን ክሊኒኩ ትንሽ ነው፣ ሆስፒታል ማለት አይደለም። ከባድ ነገር ከመጣ ሰውየው እስኪወጣ ድረስ ቀናት ሊወስድ ይችላል፤ ወጪውም ከጉዞው ዋጋ በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ በሽተኛን በአውሮፕላን የማውጣት ወጪ የሚሸፍን ኢንሹራንስ ሳትገዙ እንዳትሄዱ። በአብዛኛው ድርጅቶቹም ያለ እሱ አያሳፍሩም። ሌላው፣ ነባር ሕመምን ይሸፍናል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ብዙዎቹ ይህን የሚሸፍኑት የመጀመሪያውን ክፍያ በከፈልሽ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከገዛሽ ነው። የሐኪም ፎርም ሲልኩላችሁም ደም ግፊቷን እንዳትደብቁ።

እናትሽ ደረጃ ያለ ድጋፍ ትወጣለች? ዋናው ጥያቄ እሱ ነው። የጎማ ጀልባዋ ውስጥ የሚገባው ከመርከቡ ጎን በተንጠለጠለ ደረጃ ወርዶ ነው። ካሁኑ በእግር መሄድና ደረጃ መውጣት ጀምሩ።

ኃይሉ ከአዲስ

ይቅርታ፣ እኔ ትንሽ የሚቆረቁር ነገር ልጻፍ። እናትን ማስደሰት የመሰለ ነገር የለም፣ በዚያ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ስንት ሰው ይሂድ ተብሎ ነው? በ2023 እና 2024 ወቅት አንታርክቲካን የጎበኘው ከ120 ሺህ ሰው በላይ ነው። ይህ ሁሉ ሕዝብ በአውሮፕላን በርሮ፣ በመርከብ ነዳጅ አቃጥሎ፣ እየቀለጠ ያለውን በረዶ ሊያይ ይሄዳል። ስቫልባርድ ከዓለም አማካይ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ እየሞቀ ያለ ቦታ ነው። እኔ የምሠራው ከውኃ ጋር ነው፣ ዝናቡ ጊዜውን ሲስት ገበሬው ምን እንደሚሆን በየዓመቱ አያለሁ፤ ስለዚህ እንዲህ ያለውን ጉዞ ሳስብ ውስጤ አይቀበለውም። ደኅንነቱም አለ። በ2007 ኤክስፕሎረር የምትባለው መርከብ ኪንግ ጆርጅ ደሴት አጠገብ በረዶ መትቷት ሰጥማለች። 154ቱም ሰዎች ተርፈዋል፣ ሌላ መርከብ ቅርብ ባይኖር ግን ምን ይሆኑ ነበር?

ከሄዳችሁም ቅርብ ያለውን አስቢው። ድብ ከሆነ ካናዳ ውስጥ ቸርችል አለ፣ ማኒቶባ፣ ሃድሰን ቤይ ዳር። ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ ድቦቹ ባሕሩ በረዶ እስኪሠራ ድረስ እዚያ ይጠብቃሉ። ትልልቅ ጎማ ባላቸው መኪናዎች ሆነሽ ነው የምታይው፣ ከመርከብ በጣም ይቀርባሉ። የመኪና መንገድ ወደ ከተማዋ የለም፣ በባቡር ወይም በአውሮፕላን ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ደግሞ ፓስፖርቱንና ካርዱን ይዞ ካናዳ ያለ ቪዛ ይገባል።

ዳዊት ቶሮንቶ

ኃይሉ ወንድሜ፣ ያነሳኸው ተገቢ ነው፤ እኔም ሳላስብበት አልሄድኩም። የበረራውን ጭስ በተመለከተ መልስ የለኝም፣ እውነትህን ነው። ግን ቦታው ያለ ጠባቂ የተተወ እንዳይመስልህ። ከ2011 ጀምሮ ወፍራሙን ጥቁር የመርከብ ነዳጅ አንታርክቲካ ውኃ ውስጥ መያዝም መጠቀምም ተከልክሏል። በ1991 በማድሪድ የተፈረመው ስምምነት ማዕድን ማውጣትን ይከለክላል፣ አካባቢውንም ይጠብቃል። ከ2017 ወዲህ ደግሞ ወደ ዋልታ የሚሄዱ መርከቦች አሠራርና መሣሪያ የሚወሰንበት ዓለም አቀፍ ደንብ አለ፤ ከኤክስፕሎረር ጊዜ ጋር አንድ አይደለም።

መሬት ከመውረዳችን በፊት ቦት ጫማችንን በፀረ ተባይ ነክረን ነበር፣ የጃኬት ኪስና የቬልክሮ እሾህ ሳይቀር አንድ በአንድ እየታየ በቫኩዩም ይጠረግ ነበር። ከሌላ አገር ዘር እንዳይገባ ነው። የወፍ ጉንፋኑ በ2024 መጀመሪያ አንታርክቲካ ምድር ላይ ከተገኘ ወዲህ ደግሞ በረዶው ላይ መቀመጥ፣ መንበርከክ፣ ቦርሳ ማስቀመጥ አይፈቀድም። ሰላም፣ ይህን ያዢልኝ፤ እናትሽ ሲደክማት አረፍ የምትልበት የለም፣ ስለዚህ ምርኩዝ ያስፈልጋታል፣ ከመርከቡ ይሰጧታል። ሲያቅታት ቀድማ ወደ ጀልባው ትመለስ፣ ጀልባዎቹ ሁልጊዜ ይመላለሳሉ።

ቸርችልን ግን እኔም እደግፋለሁ። ለድብ ከሆነ ከስቫልባርድ እሱን እመርጣለሁ።

ቢኒ ትሮምሶ

በዚህ አልስማማም 🙂 ቸርችል ድብ ታያለሽ፣ ስቫልባርድ ግን ድቡ የሚኖርበትን አገር ታያለሽ። ለማንኛውም ለሰላም ልተወው።

ሰላም ዘዴንቨር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅኩም። ለእናቴ ቁጭ ብዬ ሁሉንም አነበብኩላት። ድቡ 300 ሜትር ሲባል «እንግዲያውስ በቴሌቪዥን አየዋለሁ» አለች። ፔንግዊኑ ቦት ጫማ ይነካካል ሲባል ግን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ስለዚህ ደቡብ ነው። ኃይሉ፣ ያልከውንም ነገርኳት፣ «ልጁ ያለው ልክ ነው፣ አንዴ ነው የምሄደው» አለች። የአውሮፕላኑን ጭስ በተመለከተ ለሌላው ዓመት ያሰብነውን የአውሮፓ ጉዞ ትተነዋል።

የቀረኝ ወሩ፣ ልብሱ፣ ክፍሉና ጾሙ ነው። የዋጋውም ነገር፣ 20 ሺህ ይበቃል?

ዳዊት ቶሮንቶ

እናትሽ እንዴት ያሉ ሰው ናቸው!

ወሩን ከጾሙ ጋር አብረሽ አስቢው። ኖቬምበር በረዶው ንጹሕ ነው፣ ፔንግዊኖቹ ጎጆ የሚሠሩበት ጊዜ ነው፤ ግን ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ይገባል። ጫጩቶቹ የሚፈለፈሉት ዲሴምበር መጨረሻ አካባቢ ነው። ከገና በኋላ ጃንዋሪ ላይ ከሄዳችሁ ጫጩቶቹ ትንንሽ ሆነው ይገኛሉ፣ ጾሙም ከረቡዕ፣ ከዓርብና ከጥምቀት ገሃድ በቀር አልፏል። ፌብሩዋሪና ማርች ዓሣ ነባሪው ይበዛል፣ ዋጋውም ቀነስ ይላል፣ ግን ዐቢይ ጾም አለ፣ በረዶውም በብዙ ሰው ተረግጦ፣ በኩስ ተበላሽቶ ነው የሚጠብቃችሁ። እኔ ብሆን ጃንዋሪን እይዛለሁ።

ምግቡ ችግር የለውም። ከጉዞው ሳምንታት በፊት የምግብ ፎርም ይልካሉ፣ ቪጋን የሚለውን ምልክት አድርጉ፣ የትኞቹን ቀናት እንደሆነም ጻፉ። እኔ የነበርኩበት መርከብ ላይ ለጾመኛ በየቀኑ ምስር፣ ሽምብራ፣ አትክልት ነበር። ኡሽዋያ ከተነሱ በኋላ ግን የሚገዛበት ሱቅ የለም፣ ስለዚህ ቀድሞ መናገሩ ነው ዋናው። በርበሬና ሚጥሚጣ በትንሽ ዕቃ ያዙ።

ገንዘቡ ጠበብ ይላል፣ ግን ይበቃል። ለ10 ወይም 11 ቀን ጉዞ ርካሹ ክፍል በሰው ከ7 ወይም 8 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው የሚገኘው፣ ጃንዋሪ ላይ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። በዚያ ላይ በረራው፣ ኢንሹራንሱ፣ ሆቴሉ፣ ለሠራተኞቹ የሚተወው ጉርሻ አለ፤ ጉርሻው በሰው በቀን ከ15 ዶላር አካባቢ ይጀምራል። ሦስት ሰው የሚያድርበትን ክፍል ከሌላ ሴት ጋር መጋራት ካልከበዳችሁ ትንሽ ይቀንሳል። ኡሽዋያ ሄዶ በመጨረሻ ሰዓት በቅናሽ መያዝ የሚባል ነገር አለ፣ ለእናንተ አይሆንም። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት አርጀንቲና ቪዛ ያስፈልገዋል፣ ቪዛው ደግሞ የተያዘ ጉዞ ይፈልጋል።

ቢኒ ትሮምሶ

ልብሱንና ክፍሉን ልመልስ፣ ይህ ለሁለቱም ዋልታ አንድ ነው።

ክፍል ስትመርጪ ከታች ካሉት ፎቆች፣ ከመርከቡ መሐል ያዢ። ከላይና ከፊት ያለው በጣም ይወዛወዛል። ርካሹም ይኸው የታችኛው ነው፣ ትንሽ ክብ መስኮት ያለው። ባሕሩ ሲናወጥ መስኮቱን ይዘጉታል እንጂ ሌላ ችግር የለውም። ትልቅ በረንዳ ላለው ክፍል ገንዘብ አታውጪ፣ ቀኑን ሙሉ ዴክ ላይ ነው የምትውሉት።

በደቡቡ በጋ ብርዱ ከዜሮ ትንሽ ወረድ ወይም ከፍ ያለ ነው፤ የዴንቨር ክረምት ይብሳል። የሚጎዳው ጀልባዋ ላይ ያለው ንፋስና የሚረጨው ውኃ ነው። ከሥር የሱፍ፣ ከላዩ ፍሊስ፣ ከዚያ ውኃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ። ሱሪውን አትርሱ፤ ብዙ ሰው ጃኬት ላይ ገንዘቡን ጨርሶ ሱሪ ሳይዝ ይመጣል። ቀጭንና ወፍራም ጓንት አንዱን በአንዱ ላይ፣ ከነመለወጫው። የጎማ ቦት ጫማ አብዛኞቹ ያውሳሉ፣ ጃኬትም የሚሰጡ አሉ፣ ጠይቂ። እናትሽ ጋቢዋን ትያዝ፣ ግን ለመርከቡ ሳሎን ነው። ጀልባ ላይ ጥጥ ከረጠበ አይደርቅም፣ ያቀዘቅዛል። ባይናኩላር ለየራሳችሁ ይኑራችሁ፣ ዓሣ ነባሪ ሲወጣ አንዱን መቀባበል ያጣላል። የስልክ ባትሪ በብርድ ቶሎ ይሞታል፣ ከውስጥ ኪስ ያዙት።

ጀልባዋ ላይ ስትገባ የመርከቡን ሠራተኛ መዳፉን ሳይሆን ክንዱን ትያዝ፣ እሱም ክንዷን ይይዛል። መዳፍ ያንሸራትታል። እጇ ባዶ ይሁን፣ ቦርሳው ጀርባ ላይ። ስትወርድም ብዙ ጊዜ ውኃ ውስጥ ነው የምትወርደው፣ እስከ ቅልጥም።

ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ደግሞ ስንት መንገደኛ እንደሚይዙ፣ ለስንት ሰው አንድ አስጎብኚ እንዳለ፣ የነዳጅ ዋጋ ቢጨምር በኋላ ተጨማሪ ያስከፍሉ እንደሆነ በጽሑፍ አስመልሺ። የማውቃቸው ቤተሰብ ሙሉውን ከፍለው ከጨረሱ በኋላ አንድ ድርጅት የነዳጅ ብሎ ጨምሮባቸዋል፣ ውሉ ውስጥ በትንሽ ፊደል ተጽፎ ነበር። የትኛው ቦታ እንደሚወርዱ ግን ቃል አይገቡልሽም፣ ቃል የሚገባልሽ ካለ እሱን ተጠራጠሪ። የጉዞውን መንገድ በየማለዳው የሚወስነው ካፒቴኑ ነው፣ በረዶውንና ንፋሱን አይቶ። ሌሜር የሚባለው ጠባብ መተላለፊያ በበረዶ ከተዘጋ ይዞራሉ። በዚህ ቅር የሚለው መንገደኛ ጉዞውን ሙሉ ሲያኮርፍ አይቻለሁ፣ እናንተ እንዲያ አትሁኑ።

ሰላም ዘዴንቨር

ሁላችሁንም ያክብራችሁ። ትልቁን መርከብ ለወኪሏ ደውዬ ሰርዣለሁ፣ ከ200 ሰው በታች የሚይዙትን ብቻ እንድትልክልኝ ነግሬያታለሁ። ሲስተር ማህሌት፣ የሐኪም ቀጠሮ ይዘናል፤ እናቴ ደግሞ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ የሕንፃውን ደረጃ መውጣት ጀምራለች፣ ሊፍት እንቢ ብላለች።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ከእናንተ መካከል በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በግሪን ካርድ ከአሜሪካ ሆኖ የአርጀንቲና ቪዛ ያወጣ ሰው ካለ፣ ምን ሰነድ እንደጠየቁትና ምን ያህል እንደፈጀበት ይጻፍልኝ። ክፍያውን ከመክፈሌ በፊት እሱን ማወቅ እፈልጋለሁ።